ከመውጫው ጀምረህ አቅድ፦ ቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ ወደ ሰጠመ የጦርነት መርከብ መጥለቅ

ጎንደር ተቀምጦ ስለ ባሕር ጠለቃ መጻፍ ትንሽ ያስቃል። ባሕር የለንም። ያለን ጣና ነው፣ እሱም ጥልቅ በተባለው ቦታ 14 ሜትር ቢሆን ነው። ቢሆንም ቀይ ባሕር ሄደው ኮርስ የወሰዱ፣ ውጭ ዘመድ ጋ ከርመው ጠለቃ የለመዱ ልጆች አሉን። ሲመጡ ፒያሳ ቡና ይዘን እናወራለን። ወሬው ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው፦ «የጦርነት መርከቦቹ ጋ እንዴት ነው የሚደረሰው?» ለእያንዳንዱ ከምደግም አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ምሳሌ የማደርገው ኤምፓየር ሄሪቴጅን ነው። አየርላንድ ሰሜን ጫፍ፣ ከማሊን ሄድ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ 66 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ተኝቷል። ርዝመቱ ከ150 ሜትር በላይ ነው። በ1930 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ሲሠራ ታፈልበርግ የተባለ የዓሣ ነባሪ አዳኞች መርከብ ነበር። በ1941 ፈንጂ መታው፤ ተጠግኖ በአዲስ ስም ነዳጅ ጫኝ ሆነ። ሴፕቴምበር 8 ቀን 1944 ከኒውዮርክ ነዳጅና የጦር ተሽከርካሪ ጭኖ ሲመጣ ዩ-482 የተባለ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ በቶርፔዶ መታው። ከመቶ በላይ ሰው አለቀ። የጫናቸው ሸርማን ታንኮች ዛሬም አሸዋው ላይ ናቸው፤ አንዳንዱ በሰንሰለቱ እንደቆመ፣ አንዳንዱ ተገልብጦ። መንገድ ዳር የዛገ ታንክ እያየን ላደግን ልጆች ታንክ ብርቅ አይደለም፤ ውሃ ስር ማየት ግን ሌላ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ይህ ጽሑፍ ኮርስን አይተካም። ለዚህ ጥልቀት ሂሊየም የተቀላቀለበት ጋዝ፣ ማለትም ትሪሚክስ፣ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የትሪሚክስ ኮርስ የሚያወርድህ እስከ 60 ሜትር ነው፤ ስለዚህ የሚቀጥለውን ደረጃ መጨረስ አለብህ። ወረቀቱ ብቻ ደግሞ አይበቃም። ሞቃት ውሃ ላይ የተማረ ሰው በድራይ ሱት (ውሃ በማያስገባ፣ ጋዝ በሚሞላ የጠለቃ ልብስ) እና በወፍራም ጓንት ያንኑ ሥራ እንደ አዲስ መልመድ አለበት። ጣና ላይ እለማመዳለሁ የሚል አይጠፋም፤ ውሃው ድፍርስ ነው፣ ጉማሬ አለ፣ ቢልሃርዚያ አለ፣ ከፍታውም ሌላ ስሌት ይፈልጋል። ተወው። እዚህ ያለህ የሆቴል ገንዳና የእግር ጉዞ ነው፣ ለአቅምህ እሱ ይበቃል።

አሁን ወደ ዘዴው። ሰው ሁሉ ዕቅዱን ከመርከቡ ይጀምራል፦ ምን ላይ፣ ምን ላንሳ፣ ስንት ደቂቃ ልቆይ። እኔ በግልባጩ ነው የምመክረው። ከጎንደር መመለስ ጀምር፣ ከዚያ ከውሃው መውጣት፣ ከዚያ መውጣት ሳትችል ቀዝቅዘህ የምትቆይባቸው ማረፊያዎች (ጋዙ ከሰውነትህ እንዲወጣ እየወጣህ መሐል ላይ የምትቆምባቸው ጥልቀቶች)፣ ከዚያ ታች ያለው፣ መዝለሉ መጨረሻ ላይ። መውረድ ማንም ይወርዳል፣ ክብደቱ ይወስደዋል። ሰው የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ሲመለስ ነው።

የመመለሻ ትኬት

ጥልቅ ጠለቃ ላይ ናይትሮጅንና ሂሊየም ሰውነትህ ውስጥ ይሟሟሉ። ቀስ ብለህ ካልወጣህ፣ ወይም ከወጣህ በኋላ ቶሎ ወደ ከፍታ ካቀናህ፣ አረፋ ይሠራሉ፤ መገጣጠሚያ ያሳምማል፣ ሲብስ ሽባ ያደርጋል። ለዚህ ነው ከጠለቃ በኋላ ወዲያው አውሮፕላን የማይወጣው። የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት የሆነው ዳን ማረፊያ ለሌለው አንድ ጠለቃ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለተደጋጋሚ ጠለቃ 18 ሰዓት፣ ማረፊያ ላለው ጠለቃ ደግሞ ከ18 በደንብ የበለጠ ጠብቁ ይላል።

እኛ ላይ ነገሩ ይብሳል። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ነው። ሌላው መንገደኛ ከዚያ ወርዶ ባሕር ጠለል ያርፋል። አንተ ግን አዲስ አበባ ስታርፍ ከ2,300 ሜትር በላይ ነህ፣ ጎንደር ስትገባ 2,100 ገደማ። ማለትም ከአውሮፕላኑ አልወረድክም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከመጨረሻው ጠለቃ በኋላ ሁለት ሙሉ ቀን ታች ቆይ። ሰርግም ይሁን ተዝካር፣ ትኬቱ ይራዘም።

ስለ ቀን ካነሳን፣ ጾሙንም አስብ። አየርላንድ ላይ ደህና ባሕር የሚገኘው በበጋቸው ነው፣ ያ ደግሞ ፍልሰታ ላይ ይወድቃል፤ ከነሐሴ 1 እስከ 16። እህልና ውሃ ሳይቀምሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መግባት አይሆንም። ውሃ የጎደለው ሰውነት ጋዙን በደንብ አያስወጣም፣ ያልበላ ሰውነትም ሙቀት አይሠራም። ወይ ሐምሌ ላይ ሂድ፣ ወይ ከፍቺው በኋላ። ነፍስ አባትህን ማማከርም መብትህ ነው።

ቪዛው ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ከደብሊን ወደ ዶኒጎል፣ ማሊን ሄድ ወዳለበት አውራጃ፣ አጭሩ መንገድ ሰሜን አየርላንድን ያቋርጣል፣ እሱ ደግሞ የእንግሊዝ መንግሥት ግዛት ነው። የአየርላንድ ቪዛ ብቻ ከያዝክ በስላይጎ በኩል ዙር። መንገዱ ይረዝማል፣ ግን ኬላ የለም ብለህ በሰው አገር ሕግ አትጫወት።

ኢንሹራንስም ከመሄድህ በፊት። የግፊት ሕክምና ክፍሉ ጎልዌይ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው ያለው፤ ከማሊን ሄድ ሩቅ ነው፣ በሄሊኮፕተር ነው የምትሄደው። ኢንሹራንስህ ማረፊያ ያለው ጠለቃንና ትሪሚክስን እንደሚሸፍን በጽሑፍ አረጋግጥ። ብዙው የቱሪስት ኢንሹራንስ አይሸፍንም።

ከውሃ ስትወጣ

ከመጨረሻው ማረፊያ፣ ከ6 ሜትር፣ ወደ ላይ ያለችው መንገድ በጣም አጭር ትመስላለች፣ ሰውም እዚያ ይቸኩላል። ግፊቱ በመጠን በፍጥነት የሚለወጠው ግን እዚያ ነው። ሦስት አራት ደቂቃ ስጣት። ጀልባው ላይ መሰላል ካለ ተጨማሪ ሲሊንደሮችህን ውሃ ውስጥ ሆነህ አቀብል። 50 ኪሎ ተሸክሞ መሰላል መውጣት ገና ጋዝ እያስወጣ ላለ ሰውነት አይሆንም። ሊፍት ያለው ጀልባ ካገኘህ ትንሽ ጨምረህም ቢሆን እሱን ያዝ።

ከወጣህ በኋላ ወዲያው ሙቅ ሻወር የለም። አረቄም የለም። ደረቅ ልብስ፣ ውሃ፣ ለብ ያለ ሻይ፣ ቁጭ። መገጣጠሚያ ሕመም፣ ውርር የሚል ስሜት፣ የቆዳ ሽፍታ፣ ከልክ ያለፈ ድካም ከተሰማህ ተናገር፤ ኦክስጅን ወዲያው ይሰጥህ፣ ካፒቴኑም በሬዲዮ ቻናል 16 የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎችን ይጥራ። እኛ ሐበሾች «ምንም አልሆንኩም» ማለት እንወዳለን። እዚህ ላይ ይሄ ጨዋነት አይደለም።

ብርዱ

የአየርላንድ ሰሜናዊ ጠረፍ ባሕር በበጋ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ነው፣ ታች ትንሽ ይቀንሳል። ለ20 ደቂቃ ታች ቆይታ፣ የእጅህ ላይ የጠለቃ ኮምፒዩተር እንደተስተካከለበት፣ ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ማረፊያ ይጠብቅሃል። ሳትንቀሳቀስ። ከባዱ ሥራ ይሄ ነው።

ብርድ ምቾት ብቻ አይደለም የሚነሳው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የጠለቃ ሙከራ ክፍል በ2007 ባወጣው ጥናት ታች ሞቆት በማረፊያ ላይ የሚቀዘቅዝ ጠላቂ ከሁሉም የባሰ አደጋ ላይ ነው። ታች ስትሞቅ ደም በደንብ ይዞርና ሰውነትህ ብዙ ጋዝ ይወስዳል፤ ማረፊያ ላይ ስትቀዘቅዝ ቆዳና ጡንቻ ላይ ያለው የደም ሥር ይጠባል፣ ጋዙም እዚያው ይታፈናል። ስለዚህ በባትሪ የሚሞቅ ቬስት ካለህ ታች አታብራው፣ ወይ በዝቅተኛው አድርገው። ወደ ላይ ስትነሳ አብራ። አብዛኛው ሰው የሚያደርገው በተቃራኒው ነው፦ ከጀልባው ላይ ጀምሮ እስከ ጥግ ያበራዋል፣ ከዚያ 6 ሜትር ላይ ባትሪው ያልቃል።

ከውስጥ የሚለበሰው ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ነገር ይሁን። ጥጥ አይሆንም። ጋቢ ለዳባት ብርድ ነው፤ እዚህ ላብ ይጠጣና በረዶ ይሆንብሃል። ድራይ ሱትህን ከጀርባህ ባለው የሂሊየም ጋዝ እንዳትሞላው፣ ሂሊየም ሙቀትን ከአየር ስድስት እጥፍ ያህል ያስተላልፋል። ለሱቱ ብቻ የምትሆን ትንሽ ሲሊንደር ያዝ፣ አየር ወይ አርጎን። ሽንት መውጫ ቫልቭም አስገጥም፤ እሱ ከሌለ ሰው እንዳይሸና ብሎ ውሃ መጠጣት ይተዋል፣ ጣጣው ከላይ ያልኩት ነው።

ለእጅህ ደረቅ ጓንት። በየማረፊያው አውራ ጣትህን ከትንሿ ጣትህ ጋ አነካካ። አልነካ ካለህ እጅህ ሥራ እየተወ ነው፣ የሚቀረውን የሲሊንደር ቅያሪ አሁኑኑ ከጓደኛህ ጋ ተጋግዛችሁ ጨርሱት። ማያያዣ መንጠቆዎችህ ሁሉ በጓንት የሚከፈቱ ትላልቅ ይሁኑ። ትንሿ ቆንጆ መንጠቆ ለቀይ ባሕር ናት።

ጋዙ፦ ሒሳቡን በእጅህ ሥራው

66 ሜትር ላይ ግፊቱ 7.6 ባር ነው። ተራ አየር እዚያ የተከለከለ ነው ማለት ይቻላል፦ ያሰክርሃል፣ ኦክስጅኑ ጣሪያ ይነካል፣ አየሩም ከመወፈሩ የተነሳ ሳንባህ ይደክማል። የተለመደው ቅልቅል 15/55 ነው፤ 15 በመቶ ኦክስጅን፣ 55 ሂሊየም፣ የቀረው ናይትሮጅን። ለመውጫ ደግሞ ሁለት ሲሊንደር በጎን ትይዛለህ፦ 50 በመቶ ኦክስጅን ከ21 ሜትር ጀምሮ፣ ንጹሕ ኦክስጅን ከ6 ሜትር ጀምሮ።

አሁንም ከኋላ ጀምር። ጀርባህ ላይ ሁለት ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር በ232 ባር ተሞልቷል እንበል፤ 24 ሲባዛ በ232፣ 5,568 ሊትር ጋዝ ነው። መጀመሪያ የጓደኛህ ጋዝ ታች ቢያልቅበት ሁለታችሁን 21 ሜትር የሚያደርሰውን አውጣ። የደነገጠ ሰው በደቂቃ 30 ሊትር ይተነፍሳል ብለህ ያዝ፣ ለሁለት 60። ችግሩን ለመፍታት ታች 2 ደቂቃ፦ 60 በ7.6 በ2፣ 912 ሊትር። ከዚያ በደቂቃ 9 ሜትር እየወጣችሁ እስከ 21 ሜትር 5 ደቂቃ፣ አማካይ ግፊቱ 5.35 ባር፦ 1,605። ድምር 2,517 ሊትር። ለ24 ስታካፍለው 105 ባር ይመጣል። ጌጁ 110 ሲል ጠለቃው አልቋል። ታንኩ ሁለት ሜትር ቢቀርህም አልቋል።

ታዲያ ለራስህ ምን ቀረ? ከ232 እስከ 110 ያለው 2,900 ሊትር ገደማ ነው። ተረጋግተህ በደቂቃ 20 ሊትር ብትተነፍስ ታች ላይ 152 ይሆናል። መውረጃውን ጨምረህ 20 ደቂቃ ገደማ። በቃ። ይሄን ያየ ሰው ነው ሪብሪዘር ወደሚባለው፣ የተነፈስከውን ጋዝ አጽድቶ ወደሚመልስልህ መሣሪያ የሚሄደው፣ የሂሊየሙ ዋጋም ኪስ ያራግፋል። ግን ሪብሪዘሩ ቢበላሽ መውጫ የሚሆንህ ጋዝ በዚሁ ሒሳብ ነው የሚለካው።

በጎን የያዝካቸው ሲሊንደሮች ላይ በትልቁ ጻፍ፦ 21፣ እና 6። ጥልቀቱን ብቻ። ግማሽ ኦክስጅን የሆነውን ጋዝ በስህተት 66 ሜትር ላይ ብትተነፍስ የኦክስጅኑ ግፊት 3.8 ባር ይሆናል፣ የሚፈቀደው 1.6 ነው። የሚጥል በሽታ እንደያዘው ሰው ያንቀጠቅጥሃል፣ ሬጉሌተሩ (የምትተነፍስበት የአፍ መሣሪያ) ከአፍህ ይወድቃል። ስለዚህ ስትቀይር እንዲህ አድርግ፦ ጥልቀትህን እይ፤ ቁጥሩን ለጓደኛህ አሳየው፤ ከቫልቩ ጀምረህ ቱቦውን በእጅህ እየተከተልክ ሬጉሌተሩ ጋ ድረስ፤ እሱ ራሱን ከነቀነቀ በኋላ ብቻ ቀይር። አሰልቺ ነው። ይሁን።

ገመዱ

ጀልባው መርከቡ ላይ ከባድ ክብደት ያለው ገመድ ይጥላል፤ ሾት ላይን ይሉታል። ትወርድበታለህ፣ ትወጣበታለህ። ከታች ጫፉ ላይ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት እሰርበት፣ ከሩቅ ይታያል። እዚያ ባሕር ውስጥ ግን ወራጅ፣ ማለትም የሚጎትት የውሃ ፍሰት፣ አለ። ሙላቱና ጉድለቱ ሲቀያየር ቀጥ የሚልባት ጊዜ አጭር ናት፣ ማረፊያህ ሳያልቅ ወራጁ ይነሳል። ገመድ ይዞ እንደ ባንዲራ መውለብለብ ክንድ ይገድላል። ለዚህ የሚደረገው፣ ሾት ላይኑ ላይ ትራፔዝ የሚሉት ዘንጎች ያሉት ተንሳፋፊ ይታሰራል። እያንዳንዱ ጠላቂ ሲወርድ ስም ያለባት ካርድ እዚያ ላይ ይሰካል፣ ሲመለስ ይነቅላል። የመጨረሻውን ካርድ የነቀለው ጥንድ ትራፔዙን ከሾት ላይኑ ይፈታል፣ ሁሉም አብሮ ከወራጁ ጋ ይንሳፈፋል፣ ጀልባው ከላይ ይከተላል። ሰዎቹ ሲንሳፈፉ ውሃው የቆመ ነው የሚመስላቸው።

ገመዱን ካጣህ አትፈልገው። አንድ ሁለት ደቂቃ፣ ከዚያ የራስህን ምልክት ፊኛ ላክና በሪልህ (በያዝከው የገመድ ጥቅልል) ውጣ። ሁለት ቀለም ፊኛ ያዝ፤ ብዙ ጊዜ ቀይ ደህና ነኝ ነው፣ ቢጫ ችግር አለ። ጀልባ ከጀልባ ይለያያልና ከካፒቴኑ ጋ ጠዋት ላይ ተስማሙ። ሰዓትም በእኛ አቆጣጠር እንዳትነጋገር፣ ስድስት ሰዓት ስትል እሱ ሌላ ይሰማል።

ታች

20 ደቂቃ ካለህ አንድ ነገር ምረጥ። እኔ ታንኮቹን እላለሁ። መርከቡን ዳር እስከ ዳር ለማየት የሚሮጥ ሰው ትንፋሹ ይጨምራል፣ ጋዙ ያልቃል፣ መጨረሻ ላይ ያየው ብረት ብቻ ነው። ታንክ ጋ ሄደህ ቁም። ጥሩ ቀን ከሆነ ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ የመድፉ አፈሙዝ፣ የሰንሰለቱ ጥርስ ይታያል። መብራትህን ወደ ጓደኛህ ዓይን አታድርግ።

ውስጥ አትግባ። ብረቱ ዕድሜው ገፍቷል፣ ዝገቱ ከትንፋሽህ አረፋ የተነሳ ይረግፋል። የዓሣ መረብ ተጠምጥሞበት ሊሆን ይችላል፤ ሁለት መቁረጫ ያዝ፣ አንዱ በቀኝ እጅ፣ አንዱ በግራ እጅ የሚደረስበት። ጥይትና ፈንጂ የሚመስል ነገር አትንካ። ምንም ነገር አታንሳም። ሰው ያለቀበት ቦታ ነው፣ መቃብር ላይ ያለ ዕቃ ለቃሚ አይባልብህ። በአየርላንድ ሕግ ደግሞ ከሰጠመ 100 ዓመት ያለፈው መርከብ ጋ ለመጥለቅ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ኤምፓየር ሄሪቴጅ ገና አልደረሰም፣ እዚያው አካባቢ ያለው በ1914 የሰጠመው ኦዴሺየስ ግን አልፏል። ካፒቴኑን ጠይቅ።

መዝለል

አሁን ብቻ ነው ስለ መግባት የምናወራው። ጥምቀት ላይ ፋሲል መዋኛ ዘሎ የገባ ልጅ የመጀመሪያዋን ትንፋሽ ያውቃታል፦ ሳትፈልግ ትስባለህ፣ ደረትህ ይቆለፋል። እዚህም ያው ነው፣ ፊትህ ብቻ ቢሆንም። ስለዚህ ዘለህ ወዲያው አትውረድ። ገመዱን ይዘህ ትንፋሽህ እስኪረጋ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቅ።

በምን ጋዝ ነው የምትዘለው? በ15/55 አይደለም። ላይ ላይ 15 በመቶ ኦክስጅን ደባርቅ ላይ ካለው አየር ጋ ይቀራረባል፤ «ደባርቅ ሰው ይኖር የለ እንዴ» ብለህ እንዳትከራከረኝ፣ ደባርቅ ላይ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ሞገድ የሚታገል የለም። ራስህን ስተህ ውሃ ውስጥ መውደቅ ነው። በ50 በመቶው ግባ፣ 6 ሜትር ላይ ቁም፣ እዚያ ወደ ጀርባህ ጋዝ ቀይር፣ የ50ውን ቫልቭ ዝጋ። እዚያው ላይ ጓደኛህ ዙሪያህን ዞሮ አረፋ የሚያፈስ ነገር ካለ ይይ፣ አንተም እሱን እይ። ቀዝቃዛ ውሃ ሬጉሌተር ያቀዘቅዝና ጋዝ በራሱ እንዲለቅ ያደርገዋል፣ ለቀዝቃዛ ውሃ የታሸገ ሬጉሌተር ይሁንልህ። ቢለቅም 6 ሜትር ላይ ቢለቅ ይሻላል፣ ተመልሰህ ትወጣለህ፣ ገንዘብህ ብቻ ነው የሚሄደው።

ማንም ሰው፣ በማንኛውም ሰዓት፣ ምክንያት ሳይሰጥ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ካሳየ ሁሉም ይወጣል። ጀልባው ላይም ጥያቄ የለም። ይሄን ጠዋት ቁርስ ላይ ተነጋገሩት፣ በተለይ አብሮ አደግ ከሆናችሁ፣ ጓደኛን ማሳፈር የሚፈራ ሰው ነው ዝም ብሎ የሚከተለው።

ካፒቴኑ ከወራጁ ሰዓት ጋ አስልቶ ከተንሳፋፊው ፊት ለፊት ያደርስሃል። ሲል ዝለል፣ ቀድመህም ዘግይተህም አይደለም። ማስክህን በአንድ እጅ፣ የሲሊንደር ማሰሪያህን በሌላው። ገመዱን ስተህ ወራጁ ከወሰደህ በዋና አትታገለው፤ ድራይ ሱትህን ንፋ፣ እጅህን አንሳ፣ ጀልባው ዞሮ ያነሳሃል፣ እንደገና ትሞክራለህ። ሰዓቱ ካለፈ ደግሞ ነገ።